ሐበሻ በሌለበት ከተማ የማን በር ይንኳኳል? የሳኦ ፓውሎ ተሞክሮዬ

ወደ ብራዚል ለመምጣት ያሰቡ ሰዎች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «እዛ ሐበሻ አለ ወይ?» ይሉኛል። አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ካለውም ብዙው መንገደኛ ነው። ዛሬ ታገኙታላችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ስልኩ አይሠራም። ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ ሄዷል ማለት ነው። እንደ ዋሽንግተን ወይም እንደ ቤይሩት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኝቶ ሥራና ቤት የሚያፈላልግላችሁ ወገን እዚህ አትጠብቁ። እቁብ የለም። እድርም የለም።

እኔ ሳኦ ፓውሎ የኖርኩት የሌሎች ስደተኞችን በር እያንኳኳሁ ነው። የሶሪያዎቹን፣ የቦሊቪያዎቹን፣ የአርመኖቹን። አማራጭ ስላልነበረኝ ነው የጀመርኩት። አሁን ግን ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው። የራሱን ሰው ብቻ ሲጠብቅ ክፍል ዘግቶ የሚውል ልጅ ቶሎ ይጎዳል። አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ ለዚህም ነው የምጽፈው። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

መጀመሪያ የከተማዋን ነገር ላንሳ፤ ይህን ማወቅ ለኔ ብዙ ቀይሮልኛልና። ሳኦ ፓውሎን ያሳደጋት ቡና ነው። ብራዚል በ1888 ባርነትን ስትሽር የቡና እርሻ ባለቤቶች ነፃ የወጡትን ጥቁሮች በደሞዝ መቅጠር አልፈለጉም። ከአውሮፓ ሠራተኛ ማስመጣት መረጡ። ጣሊያኖች በገፍ መጡ። በ1908 ደግሞ ካሳቶ ማሩ የምትባል መርከብ 781 ጃፓኖችን ሳንቶስ ወደብ ላይ አወረደች። እነሱም ወደ ቡናው ገቡ። ከኛ አገር ጫካ የወጣ ተክል ይህን ሁሉ ሕዝብ ውቅያኖስ አሻግሯል። ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

ብራስ ሰፈር አጠገብ የድሮው የስደተኞች ማረፊያ አለ። በ1887 የተከፈተ ነው። ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው አልፎበታል። አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ ከግቢው ከፊሉ ግን ዛሬም ቤት የሌላቸው ወንዶች የሚያድሩበት መጠለያ ነው። አንድ ቀን ፈልጋችሁ ሂዱ። ሻንጣቸውን ይዘው የቆሙትን ሰዎች ፎቶ ስታዩ የናንተን ፊት ታያላችሁ። የነሱ የልጅ ልጆች ዛሬ ሐኪምና ጠበቃ ናቸው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ማን ስደተኛ እንደነበር አይለይም።

ቦም ሬቲሮ የሚባለውን ሰፈር ልንገራችሁ። መጀመሪያ የጣሊያኖች ነበር። ከዚያ አይሁዶች መጥተው የልብስ ንግዱን ያዙ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኮሪያዎች መጡና እነሱም ልብሱን ተረከቡ። አሁን ከኮሪያዎቹ ሱቅ ጀርባ መኪና ላይ የሚሰፉት በብዛት ቦሊቪያዎች ናቸው። አንዱ ሕዝብ የለቀቀውን ወንበር ቀጣዩ ይይዛል። ከታች የሚጀምረው ሁልጊዜ አዲሱ ነው። ከታች ስትጀምሩ ውርደት አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ይሁን እንጂ ከታች መጀመርና መታሰር ይለያያል። የስፌት ቤቶቹን ነገር ጠንቅቃችሁ እወቁ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አንዱ ጋ ገብቼ ነበር። ክፍያው በልብሱ ቁጥር ነው። የሚታደረውም እዚያው ነው፤ ከማሽኖቹ በስተጀርባ በጨርቅ በተጋረደ ክፍል ውስጥ። መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል። ማሽኑ ከጠዋት እስከ ሌሊት አይቆምም፤ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይደርቃል። ለምግቡና ለመኝታው ከደሞዛችሁ ይቆረጣል። ከዚያ ባለቤቱ «ፓስፖርትሽን ስጪኝ፣ እንዳይጠፋብሽ ላስቀምጥልሽ» አለኝ።

እኔ ከብራዚል በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ያንን ንግግር አውቀዋለሁ። እህቶቼ፣ ፓስፖርታችሁን የሚጠይቅ አሠሪ የትም አገር አንድ ነው። በማግስቱ ልብሴን ሰብስቤ ወጣሁ። የምሄድበትን የጠቆመችኝ አጠገቤ ትሰፋ የነበረች ቦሊቪያዊት ናት። ወረቀት ላይ ሜትሮውን ሣለችልኝና «ሚሳኦ ፓስ» ብላ ጻፈችበት።

ሚሳኦ ፓስ ግሊሴሪዮ በሚባለው ሰፈር ያለ የካቶሊክ ሚስዮን ነው። የስካላብሪኒ አባቶች ናቸው የሚያስተዳድሩት። ሃይማኖት አይጠይቁም። ማረፊያ አላቸው፣ ወረቀት ያግዛሉ፣ ሥራ ያገናኛሉ፣ ቋንቋ ያስተምራሉ። ሄይቲዎች ከ2010ሩ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ወደዚህ ከተማ ሲጎርፉ ብዙዎቹ ያረፉት በዚያ በር ነው። ካሪታስ የሚባለው የካቶሊክ እርዳታ ድርጅትም ለጥገኝነት ጠያቂዎች ይሠራል። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ክራይ የሚባል የስደተኞች ቢሮ አለው፤ ቤላ ቪስታ ሰፈር ነው፣ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ደላላ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያደርግላችሁን ብዙውን ነገር እነዚህ ያለ ክፍያ ያደርጉላችኋል።

ያቺን ቦሊቪያዊት በኋላ ካንቱታ ገበያ አገኘኋት። ፓሪ ሰፈር እሁድ እሁድ የሚቆም የቦሊቪያዎች ገበያ ነው። የደረቀ ድንች፣ ኪኑዋ፣ ቃሪያ፣ የአገራቸው ጭፈራ ሁሉ አለ። ፀጉር የሚቆርጠው፣ ሥራ የሚያፈላልገው፣ ዕዳ የሚከፋፈለው እዚያው ነው። መርካቶና ማኅበር አንድ ላይ ማለት ነው። ስለ አሠሪዎች እውነተኛ ወሬ የምሰማው እዚያ ነው፤ የትኛው ይከፍላል፣ የትኛው ያጭበረብራል። ስፓኒሽ ባትችሉም ሂዱ፣ በምልክትም ይግባባሉ።

አሁን ወደ አረብኛዬ ልምጣ። ቤይሩት የኖራችሁ እህቶች ይህን በደንብ አንብቡት። ብራዚል ውስጥ ከሊባኖስና ከሶሪያ የመጡ ሰዎች ዘር እጅግ ብዙ ነው። ከ2016 እስከ 2018 ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚሼል ቴሜር ወላጆቻቸው ከሊባኖስ የመጡ ናቸው። ቪንቺ ሲንኩ ጂ ማርሶ የሚባለውን ትልቁን የንግድ ጎዳና ያቆሙት የሶሪያና የሊባኖስ ነጋዴዎች ናቸው። የድሮዎቹ ልጆች አረብኛውን ረስተውታል። ከ2013 በኋላ በሰብዓዊ ቪዛ የመጡት ሶሪያዎች ግን ይናገራሉ፣ ብዙዎቹም ምግብ ቤት ከፍተዋል።

ብራስ ውስጥ አንዱ ምግብ ቤት ገብቼ በሊባኖስ አረብኛ ሥራ ጠየቅኩ። ሰውየው ደነገጠ። አበሻ ሴት፣ የቤይሩት አነጋገር፣ ሳኦ ፓውሎ! ሻይና ለውዝ አስቀረበልኝ። በዚያው ሳምንት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቀን «ያ ኡኽቲ፣ ሽንኩርቱን አቀብዪኝ» ሲለኝ እጄ ቆመ። ያ ቋንቋ ለኔ ለዓመታት የትዕዛዝ ቋንቋ ነበር። በር የሚቆለፍበት፣ ስልክ የሚነጠቅበት ቋንቋ ነበር። እዚህ ግን እህቴ ብሎ የጠራኝ ሰው ራሱ እንደኔው የጥገኝነት ወረቀት ኪሱ ውስጥ የያዘ ነው። ሚስቱ ስለ አሌፖ ቤቷ ስታወራ አልቅሰን እናውቃለን። ያ ማለት ሁሉም ደግ ነው ማለት አይደለም። ግን ያ የተጎዳሁበት ቋንቋ እንጀራዬ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ነገር ያላችሁ እህቶች ብዙ ናችሁ። አትደብቁት፣ አውጡትና ተጠቀሙበት።

እዚያ ወጥ ቤት ኪቤ ክሩ እንሠራለን። ጥሬ ሥጋ ከተነከረ ቡልጉር (የተቀቀለና የተከካ ስንዴ)፣ ከሽንኩርትና ከናዕናዕ ጋር የሚፈጭ ነው። ሥጋው ቀይ ይሆናል፣ ጅማት አይኖረውም፣ ሁለት ጊዜ ይፈጫል። አንድ ቀን ለራሴ ከቡልጉሩ በፊት ትንሽ አነሳሁና ሚጥሚጣና ቅቤ አደረግኩበት። ቅቤው ማንቴይጋ ጂ ጋሃፋ ይባላል። ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚመጣ፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጥ ንጥር ቅቤ ነው። ኮረሪማና ኮሰረት ጨምሬ ዳግመኛ ካነጠርኩት የናቴ ቤት ይሸታል። ጎመንም አትቸገሩም፤ ኮዊ ይሉታል፣ ገበያ ላይ በቀጫጭኑ ተከትፎ ይሸጣል። ጤፍ ግን እንደ አገር ቤት አታገኙም። እኔ የሩዝና የስንዴ ዱቄት ቀላቅዬ አቦካለሁ። ዓይን ያወጣል።

ቤት መከራየት ከሥራው ይብሳል። አከራይ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም ብዙ ጊዜ በከተማው ቤት ያለው ሰው እንዲሆን ይፈለጋል። አዲስ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ለዚህ ነው ብዙዎች በየመሀል ከተማው ያለ ባለቤት ፈቃድ የተያዙ ባዶ ሕንፃዎች ውስጥ የሚገቡት። በሜይ 1 ቀን 2018 ላርጎ ዶ ፓይሳንዱ የሚባለው አደባባይ ላይ እንዲህ የተያዘ ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ በእሳት ተያይዞ ተደርምሷል፤ ሰዎችም ሞተዋል። ርካሽ ነው ብላችሁ ስትገቡ ደረጃውንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን እዩ።

እኔ ቤት ያገኘሁት በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው፤ የኛ ባልሆነ ቤተ ክርስቲያን። ከሜትሮ ጣቢያዎቹ አንዱ አርሜኒያ ይባላል። አጠገቡ የአርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አርመኖች፣ ግብፆችና የሶሪያ ኦርቶዶክሶች የኛ የተዋሕዶ እህት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ሦስቱም በዚህ ከተማ አሉ። ከበሮ የለም፣ የያሬድ ዜማ የለም፤ መጀመሪያ ይከብዳል። ግን መስቀሉ መስቀል ነው። ገናን ጃንዋሪ 6 ያከብራሉ፣ ከኛ በአንድ ቀን ብቻ ይቀድማል።

አንድ እሁድ አንድ አዛውንት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ አርባ ልጆች ነገርኳቸው። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ከዘር ጭፍጨፋው የተረፉ 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። አዛውንቱ አልሰሙትም ነበር። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «ድገሚላት» አሉኝ፤ እንደገና ነገርኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያለ ዋስ የሚያከራይ ዘመድ ፈልገው አገናኙኝ። እስላም ወገኖቼም እንዲሁ መስጊድ አታጡም፤ ካምቡሲ ያለው መስጊድ በአገሪቱ ካሉት አንጋፋዎቹ ውስጥ ነው።

አሁን ወረቀት። ጥገኝነት መጠየቅ በ1997ቱ የስደተኞች ሕግ የተፈቀደ ነው፤ ምንም አይከፈልበትም። መጀመሪያ ሲስኮናሬ የሚባለው የኢንተርኔት ቅጽ ይሞላል። ከዚያ ፌዴራል ፖሊስ ጋ አሻራ ትሰጣላችሁ። ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ፕሮቶኮሎ ይሉታል። በሱ መሥራት ትችላላችሁ። እንዳያልፍበት ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ቀጥሎ ሴፔኤፊ አውጡ። የግብር ቁጥር ነው፤ ግን ያለ እሱ ሲም ካርድ የለም፣ ባንክ የለም፣ ፒክስ የለም። ፒክስ በስልክ ገንዘብ መላኪያ ነው፣ እዚህ አገር ሎሚ ሻጩ ሳይቀር ይቀበልበታል።

ሥራ ስትገቡ የሥራ ደብተራችሁ ላይ እንዲመዘገብ ጠይቁ። የተመዘገበ ሠራተኛ የ30 ቀን ዓመት ፈቃድና አስራ ሦስተኛ ደሞዝ (በዓመት አንድ ተጨማሪ የወር ደሞዝ) አለው። ያልተከፈላችሁ ደሞዝ ካለ ብቻችሁን ለመጠየቅ አትሂዱ። በጃንዋሪ 2022 ሞይዝ ካባጋምቤ የሚባል ወጣት ኮንጓዊ ስደተኛ ሪዮ ዴ ጃኔሮ የባሕር ዳርቻ ላይ ተደብድቦ ተገድሏል። ቤተሰቡ እንደተናገረው የሄደው ያልተከፈለውን ሒሳብ ሊጠይቅ ነበር። ብራዚል ሰው ሞቅ አድርጎ የሚቀበል አገር ነው፤ ይህ እውነት ነው። ጥቁር መሆን ዋጋ የሚያስከፍልበት አገርም ነው፤ ይህም እውነት ነው። የሠራተኛ ፍርድ ቤት አለ። የመብት ጥሰትን ለማሳወቅ 100 ይደወላል፤ በነፃ ነው።

ጤና አያስጨንቃችሁ። የሰፈሩ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ፖስቲኞ ይባላል። ስደተኛም ዜጋም በነፃ ይታከማል፣ እርጉዝ ሴትም ክትትል ታገኛለች። እዚህ የተወለደ ልጅ ብራዚላዊ ነው፤ በሱ በኩል ወላጆቹ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። ለቋንቋ ፖርታስ አቤርታስ የሚባል የከተማው ትምህርት አለ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማታ ማታ ጭምር በነፃ ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ሄይቲው፣ አፍጋኑ፣ ቬኔዝዌላዊቷ አንድ ላይ ይንተባተባሉ። የመጀመሪያ ጓደኞቼን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ወደ ሰሜን ስለመሄድ የሚጠይቁኝም አሉ። ከዚህ አክሬ በሚባለው የብራዚል ግዛት በኩል ፔሩ፣ ከዚያ እየቀጠሉ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለው ዳሪየን ጫካ። በ2023 ብቻ ከ520 ሺህ በላይ ሰው ያንን ጫካ አቋርጧል። ደላላው ስለ ወንዙ፣ ስለ ዘራፊዎቹ፣ በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው አይነግራችሁም። ከዚያ ደርሰው የደወሉልኝ ልጆች አሉ። ስልካቸው ዝም ያለም አሉ። የመወሰን መብቱ የናንተ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ሴት እንኳ እንድትሄድበት አልፈልግም።

ሌላም ደላላ የሚደብቀው ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር ብዙ ሰው «ጓሩልዮስ አየር ማረፊያ ላይ ወርጄ ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ይላል። ከኦገስት 2024 መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ያለ ብራዚል ቪዛ በትራንዚት የሚያልፉ መንገደኞች እዚያ ጥገኝነት እንዳይጠይቁ ወስኗል። ወይ ወደ ቲኬታቸው መዳረሻ ይቀጥላሉ፣ ወይ ይመለሳሉ። ቤት ሸጣችሁ ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት ሕጉ ዛሬ ምን እንደሚል አጣሩ።

እዚህ ገብታችሁ ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሕጉ ይፈቅድላችኋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ብላችሁ ቀጠሮው ሲያዝ ቀድማችሁ አስመዝግቡ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተነገረ ታሪክ ላይ ቀኑም ቦታውም ይዛባል፤ የተዛባውም መዝገብ ላይ ይቀራል። አስተርጓሚ ካልመጣ ሌላ ቀን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ክራይ ወይም ካሪታስ ጋ ቀድማችሁ ብትሄዱ ደብዳቤውን አብረዋችሁ ይጽፋሉ።